ቄሱን ይዤ ወደ ሼሁ ደጅ

ጅጅጋ፣ ሐሙስ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት

የፍየል ቆዳ በጫነ መኪና ተጉዞ የማያውቅ አንባቢ ካለ አይቅናብን። ገና ሞተሩ ሳይነሳ ሽታው ጋቢና ገብቶ ተመቻችቶ ተቀምጧል። መኪናው አሮጌ ኤንትሬ ነው። ሾፌሩ ጋሽ ለገሠ በዚሁ መንገድ ላይ የሸበተ ሰው ነው። እኔ መሃል፣ ጎረቤቴ ቄስ አድማሱ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠናል። ሜዳው ላይ ነፋሱን የሚያቆመው ነገር ስለሌለ የጅጅጋ ብርድ ቀጥታ አጥንት ይፈልጋል። ቄሱ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ጭናቸው ላይ የእንጨት ሳጥን አስቀምጠዋል። ሳጥኑ ውስጥ አንድ አዲስ የአቡጀዲ አንሶላ አለ።

ስለ ሳጥኑ ቀድሜ ልንገራችሁ፤ ጉዞው በሙሉ ለእሱ ነው። የቄስ አድማሱ የመጀመሪያ ልጅ ዲያቆን ብርሃኑ፣ የሱማሌ ጦርነት በተነሳበት ዓመት ሽንሌ አቅራቢያ በአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። ውጊያው ሲቀርብ በእግሩ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው አልተገኘም። መሞቱን ቤተሰቡ በወሬ ሰማ፤ ተዝካሩንም ያለ ሬሳ አወጣ። እናቱ እትዬ የሺ ስምንት ዓመት ሙሉ ሄደው የሚያለቅሱበት መቃብር አልነበራቸውም።

ባለፈው ወር ግን ጌዲ የሚባል የከብት ነጋዴ ማመልከቻ ላጽፍ ብሎ ቤቴ መጣ። ሻዩን ሳይጨርስ አንድ መልእክት አወጣ። ከሽንሌ ወዲያ ሼህ ሮብሌ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ ሰው ለዚያራ የሚመጣበትን የአያታቸውን መቃብር ይጠብቃሉ። "ለጅጅጋው ቄስ ንገሩልኝ፤ ልጅህ እኔ ዘንድ ነው የተቀበረው፤ አርጅቻለሁና ሳልሞት ና" ብለዋል። እስከ ዛሬ የት ነበሩ ብዬ ተቆጣሁ። ጌዲ በዚያ ሁሉ ዓመት ከሽንሌ ጅጅጋ መልእክት ያመላለሰ ሰው ሰርጎ ገብ ተብሎ ይያዝ እንደነበር አስታወሰኝ። 

መሪው እኔ ሆንኩ። ሰይድ እባላለሁ፤ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ጅጅጋ ጂኦግራፊ ሳስተምር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሱማሌኛዬ ሰሚውን ቢያስቅም ያግባባል። እስላም ነኝ፤ ከቄሱ ጋር ደግሞ አንድ ግድግዳ እንጋራለን። ለእነሱ ድግስ የእስላም ድንኳን ሲተከል አራጁ እኔ ነኝ። ለእኛ ኢድ ደግሞ እትዬ የሺ ዳቦ ይልካሉ። ዛሬ ንጋት ላይ በር ድረስ ወጥተው የተናገሩት ለባላቸው አልነበረም፤ ለእኔ ነበር። "ሰይድ፣ ልጄን ይዘህልኝ ና" አሉኝ። ዐፅሙ ፈልሶ ከቤተ ክርስቲያናቸው ግቢ እንዲያርፍላቸው ነው የፈለጉት። እሺ አልኳቸው። እሺ ለማለት እኔን የሚቀድመኝ የለም።

ባቢሌ፣ ረፋድ አራት ሰዓት

ካራማራን ስንወጣ ፀሐይ ከኋላችን ወጣች። ከመንገዱ ዳርና ዳር የተቃጠሉ ታንኮች ቆመዋል፤ በአንዱ ጥላ ሥር ፍየሎች ተኝተው ያመነዥካሉ። ጋሽ ለገሠ ታንኮቹን በየስማቸው የሚያውቃቸው ይመስል፣ ይሄኛው መቼ እንደተመታ፣ ያኛው ለምን እንደዞረ ይተርክልናል። ቄስ አድማሱ አይሰሙትም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዳዊታቸውን እየደገሙ ነው።

ባቢሌ ኬላ ላይ ውረዱ ተባልን። ፈታሹ ወታደር ጎጃሜ ይመስለኛል፤ ፊቱ ገና ለጋ ነው። ከቀበሌ የተጻፈልንን የይለፍ ወረቀት ገልብጦ አየና "ለቤተሰብ ጉዳይ" የሚለው ላይ ቆመ። የቄስና የእስላም ቤተሰብ ምን ዓይነት ነው ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ለገሠ ከላይ ሆኖ "የጅጅጋ ዓይነት ነው" አለው። ወታደሩ ሳጥኑን አስከፍቶ ባዶውን አንሶላ ሲያይ ነገሩ ገባው። ዞር ዞር ብሎ የበላዩ ጥላው ሥር ማሸለቡን አረጋገጠ፤ ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለ። ቄስ አድማሱ የእጅ መስቀላቸውን ግንባሩንና አፉን አስነክተው አሳለሙት። ሁሉም በአንድ ትንፋሽ አለቀ፤ እሱም ኮፍያውን መልሶ "እለፉ" ብሎ ጮኸብን።

ይህችን መስቀል ልብ በሉልኝ። የነሐስ ናት፤ ከአንድ ስንዝር አትበልጥም፤ ከአያያዝ ብዛት ዘንጓ ሳስቷል። አሥራ አንድ ዓመት ጎረቤት ስሆን ቄሱን ያለ እሷ አይቻቸው አላውቅም። ቀበሌ ስኳር ስንሰለፍ እንኳ በእጃቸው ናት።

የባቢሌ ለውዝ በቆርቆሮ ጣሳ እየተሰፈረ ሃያ አምስት ሳንቲም ይሸጣል። አንድ ጣሳ ኪሴ አስገልብጬ እያኘክን ስንጓዝ ብልሃቴን ለቄሱ ገለጥኩላቸው። ሼሁ ዘንድ የምንደርሰው ነገ ዓርብ ነው፤ ቀኑንም ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት። ሼህ ሮብሌ እንግዳ መጣ ብለው ፍየል ማረዳቸው፣ የግመል ወተት ማቅረባቸው አይቀርም። ቄስ ደግሞ በእስላም እጅ የታረደ አይበላ፣ የግመል ወተት አይቀምስ። በሌላ ቀን ቢሆን እምቢታው ሽማግሌውን ያስቀይማል። ዓርብ ከሆነ ግን ጾም ነው ማለት ይበቃል፤ ጾምን የማያከብር እስላም የለም። ቄስ አድማሱ ከተነሳን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። እኔም በራሴ ተደሰትኩ።

ድሬዳዋ፣ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

ሐረርን በሩቁ ተሳልመን (ጋሽ ለገሠ ለምሳ እንኳ አላቆመልንም) ደንገጎን ወረድን። ከደንገጎ በታች አየሩ ሌላ ነው፤ ጅጅጋ የለበስነውን ሁሉ አውልቀን ሳጥኑ ላይ ከመርነው። ድሬዳዋ ሸራ ጫማ አስፋልቱ ላይ የሚጣበቅበት ሙቀት ጠበቀን። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በሦስት ብር አልጋ ያዝን። ባለቤቷ ወፍራም፣ ተጫዋች ሴት ናት፤ ቄሱን በመስቀል፣ እኔን በሰላምታ ተቀብላ "አቦ፣ ውሃው ሲመጣ እጠራችኋለሁ" ብላ ሄደች። ውሃው አልመጣም።

የማይቀረውን ነገር ያነሳሁት ግቢው ውስጥ፣ የገመድ አልጋ ላይ ተቀምጠን ነው። ነገ የምንገባው ሰዎች የሚሳሱለት ቦታ ነው አልኳቸው። ጦርነቱም ገና ከሰው ልብ አልወጣም። መስቀሏን ሳጥን ውስጥ ቢያስቀምጧት፣ የአንገታቸውንም ልብሳቸው ውስጥ ቢያደርጉት፣ ጸሎታቸውን በልባቸው አድርሰው፣ ዐፅሙን ይዘን በሰላም እንመለሳለን።  ቄስ አድማሱ ፊታቸውን ሳያዞሩ፦

"ሰይድ፣ የምሄደው ለልጄ ፍትሐት ላደርስ ነው ወይስ ልሰርቀው?" አሉኝ።

እኔ ግን አልተውኩም። የሰው ደጅ መሆኑን፣ የባለቤቱ ስሜት መጠበቅ እንዳለበት ነገርኳቸው። እሳቸውም ሥጋታቸውን አወጡልኝ። ከምእመናኑ ገና መሄዳቸው ያልተዋጠለት አለ፤ ቄስ ከእስላም መቃብር ምን አለው ብሎ የጠየቃቸው የደብሩ ሰው ነው። መስቀሉን ደብቆ ገባ የሚል ወሬ ጅጅጋ ቢደርስ ደግሞ በማግሥቱ ማን ይሳለመዋል? ነገሩን ወዲያና ወዲህ አልነው፤ መቋጫ አልተገኘለትም። መክሰስ የበላነው ተኳርፈን ነው፤ እሳቸው ሽሮ፣ እኔ ፓስታ።

ወደ ሽንሌ፣ ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት

የሽንሌው ላንድሮቨር ሲሞላ ነው የሚነሳው፤ ሞላ የሚባለው ደግሞ ሾፌሩ ራሱ መቀመጫ ሲያጣ ነው። ያን ዕለት ቶሎ ሞላ። ሴቶቹ አዲስ ሽቲ ቀሚስ ለብሰዋል፤ አንዱ ሽማግሌ ሁለት ፍየሎች እግራቸውን አሥሮ ጣራው ላይ ጭኗል፤ ስኳርና ሻይ ቅጠል ያልያዘ የለም። በእነሱ ደስታ እኔም ደስ ብሎኝ፣ ሠርግ አለ እንዴ ብዬ አጠገቤ ያለችውን ሴት በሱማሌኛ ጠየቅኳት። ሴትዮዋ እንደ ሞኝ አየችኝ። ዓርብ አይደለም ወይ፣ ወደ ሼህ ሮብሌ ለዚያራ ነው የምንሄደው አለችኝ።

ወላሂ፣ ልቤ ድንግጥ አለ። ዓርብ! በዓርብ ቀን ተወልጄ፣ ዓርብ ዓርብ መስጊድ እየሄድኩ ያደግሁ ሰው፣ የቄሱን ጾም ሳሰላ የራሴን ጁምዓ ረስቻለሁ። ከሳምንቱ ሰባት ቀናት ውስጥ ግቢው ጢም ብሎ የሚሞላበትን አንዱን ቀን ለይቼ፣ መርጬ፣ ብልሃት ነው ብዬ ቄስ ይዤ መጣሁ። ለቄስ አድማሱ ስነግራቸው ይቆጣሉ ብዬ ነበር። "አንተ የእኔን ጾም አስበህ ነው" ብቻ ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ሽንሌ ወርደን ከሕዝቡ ጋር በእግር ተጓዝን። መንገዱ ውሃ የሌለው ሰፊ የአሸዋ ወንዝ ነው፤ እግር እስከ ቁርጭምጭሚት ይሰምጣል፤ ዳርና ዳሩን ግራርና የእሾህ ቁጥቋጦ ይዞታል። ከአንድ ሰዓት መንገድ በኋላ በእሾህ አጥር የተከበበ ግቢ ታየን፤ መሃሉ ላይ ኖራ የተቀባ ጉልላት አለ። ግቢው ከነግመሉ፣ ከነፍየሉ፣ ከነሕፃናቱ ሞልቷል። ቄስ አድማሱ ሃምሳ እርምጃ ሲቀረን ቆሙ። ሕዝቡን አዩ፤ ሳጥኑን አዩ። የአንገት መስቀላቸውን ልብሳቸው ውስጥ ከተቱ፤ የእጃቸውን ግን የት እንደሚያደርጉት ጨነቃቸው። መጨረሻ ላይ ጋቢያቸው ሥር ብብታቸው ውስጥ ወሸቋት።

"ልጄን ሳላይ ከምመለስ" አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለሌላ አላወቅሁም።

ምክሬ ተቀባይነት ስላገኘ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። እጃቸው ባዶ ሆኖ ሲንጠለጠል ሳይ ሌላ ሰው ይዤ የምገባ መሰለኝ።

ከሼሁ ግቢ፣ አራት ሰዓት

በሩ ላይ ጫማ ይወለቃል። ቄሱ ከእኔ ቀድመው አወለቁ፤ ለእሳቸው አዲስ ነገር አይደለም። ገብተን አሥር እርምጃ ሳንሄድ ግን ሰዉ መንገድ ይለቅልን ጀመር። መጀመሪያ አልገባኝም። ሽማግሌዎች ከተቀመጡበት ተነስተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ሴቶች ልጆቻቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ። ዞሬ ቄስ አድማሱን አየኋቸውና ወዲያው ገባኝ። ነጭ ጥምጣም፣ ረጅም የሸበተ ጢም፣ ነጭ ጋቢ፣ ባዶ እግር። መስቀሉ ከእጃቸው ሲጠፋ ከሐረር የመጡ ትልቅ ሼህ ሆነው ቁጭ አሉ! ከጎናቸው ደግሞ እኔ፣ ከነኮፍያዬ፣ ተማሪያቸው፣ ደረሳቸው መስዬ።

የምስቅበት ጊዜ አልነበረም። አንዲት ወጣት እናት ትኩሳት ያቃጠለው ሕፃን ታቅፋ መጣችና እግራቸው ሥር ተንበረከከች። ሕፃኑን ወደ ላይ ዘርግታ ዱዓ እንዲያደርጉለት ለመነች። ቄሱ ሱማሌኛ አይችሉም፤ ግን የታመመ ልጅ የሚዘረጋላቸው በዓመት ስንት ጊዜ ነው? ቀኝ እጃቸው በልማዱ ለማሳለም ተነሳ፤ ባዶ ሆኖ አየር ላይ ቀረ።

"ምን አለች?" አሉኝ።

"ዱዓ ያድርጉልኝ ነው የምትለው። ራሱን ዳበስ አድርገውት እንለፍ" አልኩ በጥርሴ መሃል።

"ማን መስያት ነው?"

ጥምጣማቸውን በዓይኔ አሳየኋቸው። ገባቸው። ፊታቸው ቀላ፤ አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አፍረው አይቻቸው አላውቅም። እጃቸውን ወደ ብብታቸው ሰደው መስቀሏን አወጡና ሁሉም በሚያያት ቦታ ደረታቸው ላይ ያዟት።

"ቄስ ነኝ፣ ክርስቲያን ነኝ በላት። ከፈቀደች እጸልይለታለሁ፤ ካልፈቀደች አልቀየምም።"

ተረጎምኩ። ሴትዮዋ ሕፃኑን ወደ ደረቷ ሳበችና ወደ ኋላ አፈገፈገች። ማጉረምረሙ ከበሩ እስከ ጉልላቱ ደረሰ። ጢሙን ሂና የተቀባ አንድ ሽማግሌ ከመሃል ወጥቶ እኔን ነበር የጠየቀኝ፦ አንተ እስላም አይደለህም ወይ፣ ካፊር ሼህ አስመስለህ እንዴት ታስገባለህ? እውነቱን ነው። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቢገቡ ቢበዛ ይቆጣ ነበር፤ አሁን ግን የተታለለ ሰው ሆኗል። ያን ሁሉ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ እዚያው መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከጉልላቱ ቤት በር ላይ አንድ ቀጭን፣ አንድ ዓይናቸው ነጭ የሆነ አዛውንት በከዘራ ተደግፈው መጡ። ሰዉ ገለል አለላቸው። ቀጥታ ወደ ቄሱ ሄደው መስቀሏን የያዘውን እጅ አንጓው ላይ ያዙት። ሼህ ሮብሌ ነበሩ። ቃል በቃል ነው የተረጎምኩት፦

"የብርሃኑ አባት አንተ ነህ? ልጅህ ነግሮኝ ነበር። አባቴ መስቀል ከእጁ አይለይም፣ በሱ ታውቀዋለህ ብሎኝ ነበር። ቅድም በበሩ ስትገባ አይቼህ ነበር። እጅህ ላይ ምንም ስለሌለ፣ ይሄ እሱ አይደለም ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ።"

ቄስ አድማሱ አለቀሱ። ቆመው፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው። የሂናው ሽማግሌ እንኳ ዓይኑን መለሰ።

ከጉልላቱ በስተጀርባ፣ አምስት ሰዓት

ሼሁ ወደ ጉልላቱ ቤት ጋበዟቸው። ቄሱ ያ የእናንተ ነው፣ እኔ ውጭ ይበቃኛል አሉ። ሽማግሌውም ደስ አላቸው፤ ሁለቱም ወሰናቸውን ያለ ብዙ ንግግር ዐወቁ። ሳጥኑን ተሸክሜ ተከተልኳቸው። ከጀርባ መቃብር አለ፤ ድንጋይ የተከመረባቸው ሠላሳ አርባ የሚሆኑ ጉብታዎች ናቸው፤ የብርሃኑ ከግራር ሥር፣ ዳር ላይ ነው።

እዚህ ላይ እንደ ጂኦግራፊ አስተማሪ ልናገር። ከሽንሌ መካ ያለው ወደ ሰሜን ነው። እስላም በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ፊቱ ወደ መካ ይሆናል፤ ስለዚህ በዚህ አገር ራሱ ወደ ምሥራቅ፣ እግሩ ወደ ምዕራብ ነው። ክርስቲያን ደግሞ በትንሣኤ ሲነሳ ምሥራቁን እንዲያይ ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ይደረጋል። መቃብሮቹ ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ ራስ የት ነው የሚለው ነው። ቄሱ ይህን ያውቃሉ። ልጃቸው በእስላም መሬት በእስላም እጅ እንደተቀበረ አስበው፣ እንዳመጣጡ ተቀብለው፣ በራስጌው ልጸልይ ብለው በምሥራቅ በኩል ቆሙ። ሼህ ሮብሌ ክርናቸውን ይዘው ቀስ ብለው አዞሯቸውና ወደ ሌላው ጫፍ ወሰዷቸው።

"ራሱ በዚህ ነው" አሉ።

ከዚያ ነገሩን በዝርዝር ተረኩልን። ብርሃኑ ጎኑን ቆስሎ ነው ግቢው የደረሰው። ታጣቂዎች በየቀኑ ያልፉ ስለነበር ሼሁ ከውስጥ አስተኝተውት ሦስት ቀን ኖረ። እንደማይተርፍ ሁለቱም ሲያውቁ ሼሁ እንዴት ልቅበርህ ብለው ጠየቁት። ልጁ ትንሽ ሱማሌኛ ከተማሪዎቹ ለምዶ ነበር። እግሬን ፀሐይ ወደምትወጣበት አድርጉልኝ አለ። ቀጥሎም ሼሁ የእስላም ሬሳ ሲታጠብ ከገላው ላይ ማንኛውም የታሰረ ነገር እንደሚፈታ ስለሚያውቁ፣ ያንገትህን ክር ምን ላድርገው አሉት። አትፍቱብኝ አለ። ታጣቂዎቹ ቢያዩትስ ሲሉት፣ ቢያዩትም አትፍቱብኝ አለ።

"ያኔ ሽማግሌዎቹ ተጣሉኝ። ሬሳ እንዴት ከነክሩ ይቀበራል፣ እንዴት ተገልብጦ ይተኛል አሉ። አያቴ ዘንድ የገባ እንግዳ ነው፣ ኑዛዜው ነው አልኳቸው። አልፈታሁትም። እኔው ራሴ በዚህ እጄ ከነክሩ አጠብኩት።"

ሁለት ጎልማሶች ዶማና አካፋ ይዘው ራቅ ብለው ቆመዋል። ሼሁ ወደ እነሱ አመለከቱ። በእኛ ደንብ የተቀበረ አይቆፈርም፣ ግን ልጁ ያንተ ነው፣ ከወሰድከው አንከለክልህም አሉ። ቄስ አድማሱ መልስ ሳይሰጡ መጽሐፋቸውን ገለጡ። መስቀሉን በግራ እጃቸው ይዘው፣ በግዕዝ፣ ሳይጮኹ፣ ሳይቸኩሉም ፍትሐቱን አደረሱ። ከተከተለን ሰው ግማሹ ወደ ፊተኛው ግቢ ሄዶ ነበር። የቀረው ቁጭ ብሎ አዳመጠ። የሂናው ሽማግሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ፤ ሲያልቅ ዞር ብሎ "አለቀ?" አለኝ። አለቀ አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ጎልማሶቹ ዶማቸውን አነሱ። ቄሱ እጃቸውን ዘርግተው አቆሟቸው። ወደ እኔ ዞረው ሳጥኑን ዝጋው አሉኝ። እትዬ የሺ ለእኔ ያሉኝን ስነግራቸው ወደ ሼሁ አመለከቱ።

"ይሄ ሰው ከወገኖቹ ተጣልቶ ነው ልጄን የቀበረው። አሁን ቆፍሬ ባወጣው አላመንኩህም ማለት ነው። ለየሺ ግን ምን እላታለሁ? እሱን አላውቅም።"

ለምሳ ፍየሉም፣ የግመል ወተቱም መጣ። ጾም ነው አልኩ። ሼህ ሮብሌ ተምርና ባዶ ሻይ አስመጡ፤ እሳቸውም ከቄሱ ጋር ያንኑ በሉ። የወተቱ ዕቃ ሙሉውን ለእኔ ደረሰኝ፤ ከዚያ ቀን የቀናኝ ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ጅጅጋ፣ ቅዳሜ አሥር ሰዓት

በመልሱ መንገድ ብዙ አልተነጋገርንም። ጋሽ ለገሠ አሁን ማሽላ ጭኗል፤ ሽታው የለም። ከካራማራ ወዲህ ሜዳው ሲከፈት ቄስ አድማሱ ነገ ቅዳሴ እንዳለባቸው አስታወሱና ደከመኝ አሉ። እኔ ሆዴ ውስጥ የነበረው ግን የእትዬ የሺ ደጅ ነው። ይዤው እመጣለሁ ብዬ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሳጥኑ ደግሞ ቀላል ነው፤ በጣም ቀላል ነው።

እትዬ የሺ ጥቁር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሁለት የሰፈር ሴቶች አጠገባቸው አስቀምጠው በር ላይ ጠበቁን። ሳጥኑን ከእጄ ተቀበሉ። ሲቀበሉት ቅለቱ ነገራቸው፤ አልከፈቱትም። ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ቄስ አድማሱ እግራቸው ሥር ዱካ ላይ ተቀምጠው የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው። የሦስቱን ቀን፣ ራሱ ወዴት እንደሆነ፣ ስለ ክሩ የተናገረውን። የሼሁ በር ላይ የሆነውን ይዘሉታል ብዬ ነበር። አልዘለሉትም።

"መስቀልዎን ይዘው ነው የጸለዩለት?" አሉ እትዬ የሺ።

"ስጸልይ ይዤው ነበር። ስገባ ግን ደብቄው ነበር።"

"ደብቁ ያልኳቸው እኔ ነኝ፣ እትዬ" አልኩ። 

እኔንም ባላቸውንም አላዩም። እጃቸውን ሳጥኑ ክዳን ላይ እንዳደረጉ ወደ መንገዱ ተመለከቱ።

"ልጄ ግን አልደበቀውም" አሉ። ቀጥለውም፣ አጠገባቸው ያሉት ሴቶች እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "እንግዲያው እዚያው ይረፍ" አሉ።